የ54 ሚሊሜትር ወታደር
በትንንሽ የጦር ሰው ምስሎች ላይ የቅርጽ፣ የዘይት ቀለምና የእውነት ምጣኔ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




መሐንዲስ በሥራ ዘመኑ ሁሉ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲሄድ ይኖራል። ድልድዩ በመጀመሪያ በወረቀት ላይ ይቆማል፤ ግድቡም በቤተ ሙከራ ውስጥ በሞዴል ከተፈተነ በኋላ ነው ወደ ሸለቆው የሚወርደው። የዛሬው ንግግር የሚመለከተው ሙያ ግን መንገዱን በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ ነው። ይኸውም በአንድ ወቅት በሕይወት የነበረውን ወታደር፣ ከነልብሱ፣ ከነመሣሪያውና ከነፊቱ መልክ፣ በመዳፍ ላይ ሊቆም እስኪችል ድረስ አሳንሶ የሚቀርጽና በዘይት ቀለም የሚቀባ ሙያ ነው።

ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ የልጆች መጫወቻ ተደርጎ ሲታይ ይስተዋላል። በመሠረቱ ግን ሥራው የልኬት፣ የብረታ ብረት፣ የብርሃንና የኬሚስትሪ ዕውቀት ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ሞዴል የሚሠራ ሰው ሁሉ፣ ድልድይም ይሁን ወታደር፣ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። በሞዴል ውስጥ ሆን ተብሎ የሚደረግ፣ የሚፈቀድም ስሕተት አለ፤ ፈጽሞ ሊፈቀድ የማይገባው ስሕተትም አለ። ሁለቱን የሚለየው ወሰን ከየት ላይ ነው? የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን ጥያቄ ከትንሹ ወታደር ሥራ ተነሥቶ መመርመር ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

1. የምስሎቹ አመጣጥ

በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ በ18ኛውና በ19ኛው ምእት ዓመት ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅልቅል ጠፍጣፋ ወታደሮችን የሚያወጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ከነዚህ መካከል በስም የሚታወቀው ኤርንስት ሃይንሪክሰን ሥራውን የጀመረው በ1839 ነው። ባለሙያው ቅርጹን በሁለት ለስላሳ ጥቁር ድንጋዮች ላይ በመርፌ መሰል መሣሪያ ወደ ውስጥ ይቀርጻል፤ ድንጋዮቹን ገጥሞም የቀለጠውን ብረት ያፈስባቸዋል። የሚወጣው ምስል ቁመቱ 30 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን ውፍረቱ ከሳንቲም አይበልጥም። እንዲህ ያለው ምስል በራሱ ጥላ የሚጥል አካል ስለሌለው፣ ክብ መስሎ እንዲታይ የሚያደርገው የቀቢው ብሩሽ ብቻ ነው። በኩልምባክ ከተማ በፕላሰንቡርክ አምባ የሚገኘው የቆርቆሮ ምስሎች ቤተ መዘክር የዚህ ሥራ ትልቁ ማከማቻ ነው።

ሁለተኛው ታላቅ ለውጥ የመጣው ከእንግሊዝ አገር ነው። የብሪተንስ ኩባንያ በ1893 ባዶ ሆድ ያላቸውን ምስሎች ማውጣት ጀመረ። ዘዴው ቀላልና ብልሃት ያለበት ነበር። የቀለጠው ብረት በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈስሳል፤ ከቀዝቃዛው ግድግዳ ጋር የተገናኘው ክፍል ወዲያው ሲረጋ በመካከሉ የቀረው ፈሳሽ ተመልሶ ይደፋል። የሚቀረውም ስስ ቅርፊት ነው። በዚህ ዘዴ የብረቱ ወጪ ስለቀነሰ ዋጋው ረከሰ፤ 54 ሚሊሜትር የሆነው የምስሉ ቁመትም ከዚያ ወዲህ የሙያው ዋና መለኪያ ለመሆን በቃ። በኋላም በ20ኛው ምእት ዓመት ሂስቶሬክስ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት የናፖሌዎንን ዘመን ወታደሮች በዚሁ ቁመት ከፕላስቲክ ሠርቶ በየአካል ክፍላቸው ማቅረብ ሲጀምር፣ መጫወቻ የነበረው ነገር የአዋቂዎች የጥናትና የጥበብ ሥራ ሆነ።

2. የቁጥሩ ነገር

ቁመቱ 1.73 ሜትር የሆነ ሰው ወደ 54 ሚሊሜትር ሲቀነስ ምጣኔው 1 ለ32 ይሆናል። ከዚህ አንድ ቁጥር ብዙ ነገር ይከተላል።

በመጀመሪያ፣ ርዝመት በ32 ሲቀነስ ስፋት በ1,024፣ ይዘት ደግሞ በ32,768 ይቀንሳል። ስለዚህ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚህ ምጣኔ ከሥጋና ከአጥንት ቢሠራ 2 ግራም ከሚበልጥ ጥቂት ብቻ ይመዝን ነበር። በጥቅጥቅ እርሳስ ሲሠራ እንኳ ከ24 ግራም አይበልጥም። ክብደቱ ከተሸካሚው ስፋት ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሚቀንስ፣ በሁለት የኋላ እግሮቹ የቆመ የብረት ፈረስ ጋላቢውን ተሸክሞ ያለችግር ይቆማል። ከእብነ በረድ የተሠራ ባለሙሉ መጠን ፈረስ ግን ከሆዱ ሥር ምሰሶ ያስፈልገዋል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ውፍረት ችግር ይሆናል። 2 ሚሊሜትር የሚወፍር የካፖርት ጨርቅ በዚህ ምጣኔ ከ0.06 ሚሊሜትር በላይ ሊወፍር አይገባውም፤ 4 ሚሊሜትር የሆነው የሰይፍ ስለት ደግሞ 0.125 ሚሊሜትር ይሆናል። እነዚህን ልኬቶች በእጅ ቀርጾ፣ በጎማ ውስጥ አፍስሶ፣ ሳይሰበር ማውጣት አይቻልም። ስለሆነም ቀራጩ የመጀመሪያውን የተፈቀደ ስሕተት ይፈጽማል። ካፖርቱን በመሐሉ አወፍሮ ጠርዙን ብቻ ያሳሳዋል። ዐይን የጨርቅን ውፍረት የሚለካው በጠርዙ ስለሆነ ተመልካቹ ሙሉ ካፖርቱን ስስ አድርጎ ያየዋል።

3. የቀራጩ ሥራ

ሥራው የሚጀመረው ከሽቦ ነው። የራስ ቅል፣ የትከሻ፣ የዳሌና የጉልበት ቦታዎች በሽቦው ላይ ይለካሉ፤ ምስሉ የሚቆምበትም ሁኔታ በዚሁ ጊዜ ይወሰናል። የሰውነት ክብደት በአንድ እግር ላይ ሲያርፍ የዚያ ወገን ዳሌ ከፍ ይላል፤ ትከሻው ደግሞ በተቃራኒው ያዘነብላል። ይህ በሽቦው ላይ ካልተስተካከለ ከላይ የሚጨመረው ልብስና ጌጥ አያድነውም። ምስሉ የቆመ ሰው መሆኑ ቀርቶ የተሰቀለ ልብስ ይመስላል።

ከዚያም ሁለቱ ክፍሎች ሲቀላቀሉ የሚጠነክር የኢፖክሲ ስቱኮ በሽቦው ላይ ይለበጣል። ልምድ ያለው ቀራጭ አስቀድሞ ራቁቱን አካል፣ ቀጥሎ ሸሚዙን፣ ከዚያም ኮቱን፣ በመጨረሻም ቀበቶውንና ዝናሩን ይሠራል። ይኸውም ወታደሩ ጠዋት ሲለብስ የተከተለው ቅደም ተከተል መሆኑ ነው። የጨርቅ እጥፋት የሚነሣው ከሚጎትተው ወይም ከሚጨምቀው ነጥብ ነው፤ ከብብት፣ ከክርንና ከቀበቶ ሥር ይጀምራል። ኀይል ከሌለበት ቦታ እጥፋት የሚያወጣ ቀራጭ፣ ጭነት ከሌለበት ቦታ ምሰሶ እንደሚያቆም መሐንዲስ ይቆጠራል።

ዋናው ምስል ሲያልቅ የቅርጽ ማውጫው ከጎማ ይሠራል። ለብረት የሚያገለግለው ሙቀት የሚችል ጎማ በሚሽከረከር ማሽን ላይ ይታሠራል፤ የመሽከርከሩም ኀይል የቀለጠውን ብረት ወደ ጣቶቹና ወደ ስለቱ ጫፍ ይገፋዋል። ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ፣ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጡ የሁለቱ ተስማሚ ቅልቅል ግን በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። ብዙ ጊዜ የሚጨመርበት አንቲሞኒ ቅልቅሉን ከማጠንከሩም በላይ ሲረጋ የሚደርስበትን መሸብሸብ ስለሚቀንስ ዝርዝሩ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ይረዳል። ዛሬ በብዙ ስፍራ በሲሊኮን ጎማ ውስጥ የሚፈስስ ሬዚን የብረቱን ቦታ ወስዷል። ቀራጮችም በኮምፒዩተር ቀርጾ በማሽን ማተምን እየለመዱ መጥተዋል። መሣሪያው ቢለወጥም የአካሉ ሚዛንና የእጥፋቱ መነሻ የሚጠይቀው ትኩረት አልተለወጠም።

4. ዐይን የሚያየውና የማያየው

በ30 ሴንቲሜትር ርቀት የሚታይ የ1 ለ32 ምስል፣ በ9.6 ሜትር ርቀት ከቆመ ሰው ጋር እኩል ነው። ጤነኛ ዐይን ለይቶ ማየት የሚችለው አንድ የዲግሪ ደቂቃ ያህል ማዕዘን እንደሆነ ይታወቃል፤ ይህም በ30 ሴንቲሜትር ላይ 0.09 ሚሊሜትር ይሆናል። በሰውየው እውነተኛ መጠን ሲሰላ ወደ 3 ሚሊሜትር ይጠጋል ማለት ነው። እንግዲህ በሰውየው ላይ ከ3 ሚሊሜትር የሚያንስ ነገር ሁሉ በምስሉ ላይ መኖሩ አይታወቅም። የኮት ቁልፍ ይታያል፤ የቁልፉ ቀዳዳ ክር ግን አይታይም።

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት በዐይን አቀባብ ነው። የዐይኑን ነጭ ንጹሕ ነጭ ያደርጉትና በመካከሉ ጥቁር ነጥብ ያስቀምጣሉ፤ ወታደሩም ጅብ ያየ ይመስል ያፈጥጣል። በ10 ሜትር ርቀት የሰው ዐይን የሚታየው በቅንድብ ጥላ ሥር ያለ ጥቁር መስመር ሆኖ ነው። ነጩም በጥላው ምክንያት ግራጫ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የብርሃን ጥያቄ ይነሣል። በቅርጻቸው ተመሳሳይ የሆኑ ትልቅና ትንሽ አካላት በአንድ ዓይነት ብርሃን ሥር አንድ ዓይነት ጥላ ሊኖራቸው እንደሚገባ የታወቀ ነው። ታዲያ ለምን ጥላው በቀለም ይጨመራል? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ወታደሩ የሚኖረው በሜዳ፣ ከአንድ አቅጣጫ በሚመጣ ፀሐይ ሥር ሲሆን ምስሉ ግን የሚታየው በክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱም ከጣሪያውም ከግድግዳውም በተበተነ ብርሃን ነው። ሁለተኛው፣ ከላይ እንደተነገረው የምስሉ እጥፋቶች በእውነተኛው ልክ ጥልቅና ስስ አይደሉም። ቀለም የሚሞላው ይህን ጉድለት ነው። በ2015 ያረፈው አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን ችግሩን በሌላ መንገድ የተጋፈጠ ሰው ነበር። ምስሎቹን ፊት ለፊት ብቻ በሚታይ ሣጥን ውስጥ አቁሞ አምፑሉን በውስጡ በመደበቅ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ራሱ ይወስን ነበር።

5. የዘይት ቀለም ጠባይ

የዘይት ቀለም ማሠሪያ በኢትዮጵያ ገበያ ሁሉ የሚገኘው የተልባ ዘይት ነው። ይህ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ይጠነክራል፤ በዚህም ጊዜ ክብደቱ በመቀነስ ፈንታ ይጨምራል። ሂደቱ ቀናት ስለሚፈጅ ቀቢው ብርሃኑንና ጥላውን እርስ በርስ ለማዋሐድ በቂ ጊዜ ያገኛል። በፍጥነት የሚደርቅ ቀለም ይህን ዕድል አይሰጥም።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ምስሉ ታጥቦ የመጋጠሚያው መስመር ከተፋቀ በኋላ፣ በማያብረቀርቅ የአክሪሊክ ወይም የኢናሜል ቀለም ሥሩ ይቀባል። የዘይት ቀለሙም ዘይቱ የበዛ እንደሆነ ስለሚያብረቀርቅ አስቀድሞ በመጣጭ ካርቶን ላይ ለጥቂት ሰዓታት ይቀመጣል፤ ካርቶኑም ትርፉን ዘይት ይመጥጠዋል። ከዚያም እጅግ በሳሳ ሽፋን መካከለኛው ቀለም፣ በጥልቁ ቦታ ጥላው፣ በከፍታው ላይ ብርሃኑ ይቀመጣል። በመጨረሻም ምንም ቀለም ባልነካው ለስላሳ ብሩሽ የሦስቱ ወሰን እየተነካካ እንዲጠፋ ይደረጋል። ትልቁ ብልሃት ያለው በመጨመሩ ሳይሆን በጊዜው በማቆሙ ነው። ብዙ የተነካካ ፊት ጭቃ ይሆናል።

ቀለማቱም እኩል አይደርቁም። አምበር የተባለው ቡናማ አፈር ማንጋኒዝ ስላለበት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሲጠነክር፣ ከአጥንት ከሰል የሚሠራው ጥቁር ግን ብዙ ይዘገያል። ስለዚህ ጥቁር ለፊት ጥላ አይመከርም። ከመዘግየቱም ሌላ የሥጋን ሙቀት ይገድላል። የጠይም ሰው ፊት ጥላ ከቀይ ቡናማና ከጥቁር ቡናማ አፈር ይገኛል። ከፍ ያለው ጉንጭና ግንባር የሚበራው በነጭ ሳይሆን በወርቃማ ቢጫ አፈር ነው። ነጭ የተጨመረበት ጠይም ፊት ወዲያው አመድ ይመስላልና።

ስለ ጤናና ስለ እሳት አደጋም ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። የእርሳስ ብናኝና በእርሳስ የተሠራ ነጭ ቀለም መርዝ ናቸው። የብሩሽን ጫፍ በከንፈር ማሾል ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨምድዶ ሲጣል ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ በሚያወጣው ሙቀት ራሱን ሊያቃጥል ይችላል፤ ስለዚህ ተዘርግቶ መድረቅ ወይም ውሃ በሞላበት የብረት ዕቃ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ምስሎቹም ራሳቸው ጠላት አላቸው። በኦክ እንጨት ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የእርሳስ ምስል እንጨቱ በሚያወጣው የአሲድ ትነት እየተበላ ወደ ነጭ ዱቄት ይለወጣል። ለክብር ተብሎ በተሠራ ውድ ሣጥን ውስጥ ስንት ምስል በዚህ መንገድ ጠፍቷል።

6. የታወቀ ስምምነትና የተሰወረ ስሕተት

ስለ ዓድዋ ጦርነት በኢትዮጵያ ባህላዊ ሥዕል የሚሥሉ ሠዓልያን ወገንን ሙሉ ፊቱንና ሁለት ዐይኑን፣ ጠላትን ደግሞ በአንድ ጎኑና በአንድ ዐይኑ ማሳየት ልማዳቸው ነው። ይህ በጦር ሜዳው ላይ የታየ ነገር እንዳልሆነ ሠዓሊውም ተመልካቹም ያውቃሉ። ስምምነቱ ግልጽ ስለሆነ ማንም አይታለልበትም። የምስል ቀቢው በእጥፋት ውስጥ የሚጨምረው ጥላም ከዚህ ወገን ነው።

ሌላ ዓይነት ስሕተት ግን አለ። የብሪተንስ ኩባንያ ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ጊዜ፣ በ1936 አካባቢ፣ የአቢሲኒያ ንጉሠ ነገሥት ክቡር ዘበኛና የኢትዮጵያ ጎሣ ተዋጊዎች ተብለው የተሰየሙ ምስሎችን ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ የኢጣልያ ወታደሮችንም እንዲሁ። በመርዝ ጋዝ የሚያልቅ ሕዝብ በለንደን የመደብር መስኮት ውስጥ በቀለም ተቀብቶ ቆመ። የእንግሊዝ ልጅ ስለ ኢትዮጵያዊው ወታደር መልክ የሚያውቀው ከዚያ ሣጥን ያገኘውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ሞዴል ትንሽ በመሆኑ የሚናገረው ነገር ትንሽ አይሆንም።

ዛሬ የ1896ቱን የዓድዋ ተዋጊ በዘይት ቀለም ለመሥራት የሚነሣ ሰው ኀላፊነቱ ከባድ ነው። የአውሮፓ ጦር የቁልፉን ብዛት ሳይቀር የሚወስን የደንብ ልብስ መመሪያ ሲኖረው፣ ያ ሠራዊት ግን በየአገሩና በየማዕረጉ የለበሰ ነበር። ጠመንጃውም ግራ፣ ሬሚንግተን፣ ቬተርሊና ሌላም የተቀላቀለበት ነው። ቀራጩ የዘመኑን ፎቶግራፎችና በቤተ መዘክር የቀሩትን ለምድ፣ ጋሻና ጎራዴ አንድ በአንድ መርምሮ መወሰን አለበት። ነጩ ሸማ ብቻ እንኳ ትልቅ ፈተና ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ እንደ አውሮፓ ካፖርት ሰፊ እጥፋት አያወጣም፤ ጥላውም ግራጫ ሳይሆን የሰማዩን ሰማያዊና የቆዳውን ጠይምነት በትንሹ የተቀበለ ነው።

7. የዊልያም ሳይቦርን ሞዴል

በመግቢያው ለተነሣው ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ ምስክር የሚሆነው የእንግሊዝ ጦር መኮንን ዊልያም ሳይቦርን ነው። ሳይቦርን የመሬት ቅየሳ አዋቂ ሲሆን በዚሁ ሙያ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበር። በ1830 የጦሩ የበላይ አዛዥ ሎርድ ሂል፣ በ1815 የተደረገውን የዋተርሉ ጦርነት የሚያሳይ ሞዴል እንዲሠራ አዘዘው። ሳይቦርንም ወደ ቤልጅግ ሄዶ በጦር ሜዳው መካከል በሚገኘው ላ ኤ ሳንት በተባለው የእርሻ ቤት ስምንት ወር ተቀምጦ መሬቱን ለካ። በሕይወት ለነበሩት መኮንኖች ደብዳቤ እየጻፈ፣ በዚያች ሰዓት ክፍላቸው የት እንደቆመና በፊቱ ምን እህል እንደበቀለ ጠየቀ። በመቶ የሚቆጠሩ መልሶችም ደረሱት።

የመሬቱ ምጣኔ ለ1 ማይል 9 ጫማ፣ ማለትም 1 ለ587 ያህል ነበር። በዚህ ምጣኔ አንድ ሰው 3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ምስል ሊሠራም ሊታይም ስለማይችል ሳይቦርን ምስሎቹን 1 ሴንቲሜትር ያህል አደረጋቸው፤ አንዱም ምስል ሁለት ሰው እንዲወክል ወሰነ። ይህ በግልጽ የተደረገና የሚፈቀድ ስሕተት ነው።

መንግሥት በ1833 ገንዘቡን አቋረጠ። መኮንኑ ግን በራሱና በብድር ገንዘብ ሥራውን ቀጠለ። ሞዴሉ በ1838 ለንደን ውስጥ ኢጅፕሺያን ሆል በተባለው አዳራሽ ሲታይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ ጎበኘው። ችግሩ የመጣው ከፕሩሲያ ሠራዊት ነው። ሳይቦርን የመረጠው ሰዓት በምሽት 1 ሰዓት አካባቢ፣ የውጊያው መደምደሚያ ነበር። ማስረጃዎቹም በዚያ ሰዓት ፕሩሲያውያን በብዛት ወደ ሜዳው ገብተው እንደነበር ያመለከቱት ስለሆነ በብዛት አቆማቸው። ይህ አቀማመጥ ግን የድሉን ክብር ለሁለት የሚከፍል መስሎ ስለታየ፣ ከዌሊንግተን መስፍን ወገን ተቃውሞ ተነሣ። ሳይቦርን ለብዙ ዓመታት ከተከራከረ በኋላ ተሳስቼ ነበር ብሎ ብዙ የፕሩሲያ ምስሎችን ከሞዴሉ ላይ አነሣ። ወጪውንም ሳያስመልስ በ1849 ሞተ። ሞዴሉ ከ70,000 ያህል ወታደሮቹ ጋር ዛሬም በለንደን ብሔራዊ የጦር ቤተ መዘክር ይገኛል።

የሳይቦርን ምስሎች ከመሬቱ ምጣኔ ከሦስት እጥፍ በላይ ረዝመዋል፤ በዚህ የተታለለ ተመልካች ግን የለም። የምስሉን መርዘም ያየ ሁሉ ይረዳዋልና። ከሜዳው የተነሡት ምስሎች ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ባዶውን ቦታ የሚያይ ጎብኚ በዚያ ላይ ማን ቆሞ እንደነበር፣ በማንስ ጥያቄ እንደተነሣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ክቡራን፣

የመሐንዲስ ሥራም ከዚህ የራቀ አይደለም። በግድብ ሞዴል ላይ ቁመትን ከአግድም ርዝመት አብልጦ መሥራት የተለመደና በሥዕሉ ጥግ ላይ በጽሑፍ የሚገለጽ ነገር ነው። ሥራውን ያዘዘው ወገን እንዳይከፋ ተብሎ አንድ የመሬት ስንጥቅ ከካርታው ላይ ሲጠፋ ግን ምንም ማስታወሻ አይጻፍም። ያ የጠፋ መስመር ከዓመታት በኋላ የሚገኘው በግድቡ ግንብ ላይ ነው።

በ54 ሚሊሜትር ወታደር ላይ የሚደክም ሰው ይህን በየምሽቱ ይለማመደዋል። ጥላውን ያጋንናል፤ የካፖርቱን ጠርዝ ያሳሳል፤ ማስረጃው ያላሳየውን ኒሻን ግን በደረቱ ላይ አይሰቅልለትም፤ በሜዳው የነበረውንም ሰው ከሜዳው አያነሣም። ከማኅበሩ አባላት መካከል ሽቦ፣ ስቱኮና አንድ ሁለት ጥሩ ብሩሽ ገዝቶ ሥራውን ለመሞከር የሚነሣ ቢኖር፣ ከመዝናናቱ በላይ ለዋናው ሙያው የሚረዳ ልምድ እንደሚያገኝበት ጥርጥር የለውም።